ታላቅዎ ገብተዋል

ሶልያና ሰባ ዓመት የሞላት ዕለት ወንበሩ በራሱ እግር መጣላት። ወደ ሆጤ የሚወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት ማንም ሳይገፋው ወጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመና፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ትንሽ ድምፅ አሰምቶ «የክብር ወንበርዎ ነኝ፤ እንኳን ለዚህ አበቃዎ» አላት። ከኋላው አስተዳደሩ የላካቸው ሁለት ወጣቶች አበባ ይዘው ተከትለውታል። ደግፈው አስቀመጧት፤ ቀበቶው በወገቧ ዙሪያ ቀስ ብሎ ተጠመጠመ፤ አጨበጨቡ፣ ፎቶ አነሱና ሄዱ። ሶልያና ያን ዕለት ጓሮዋን ስትኮተኩት ነበር ያረፈደችው። ዶማው ጎመኑ መሃል እንደተጋደመ ቀረ።

በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ሰባን አልፎ በእግሩ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ነገሩ በክፋት አልተጀመረም። ታላቅ ሰው ዕቃ አይሸከምም፣ ታላቅ ሰው አይላክም፣ ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም፤ ይሄ ሁሉ ድሮም የነበረ ወግ ነው። ወንበሩን የሠሩት ሰዎች በወጉ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፦ ታላቅ ሰው ጨርሶ አይነሳም። ወድቆ ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ከጠፋ ስንት ጊዜው እየተባለ በየዓመቱ በዓል ይከበራል፤ በበዓሉ ላይ ተቀምጠው የሚያጨበጭቡት ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ሰዉ ወንበሩን «አይነሱ» ብሎ ጠራው፤ አብዝቶ የሚናገረው ቃል እሱ ነበርና። ሶልያና ውሃ ጠምቷት ፈቀቅ ስትል «አይነሱ እማማ፤ ይመጣልዎታል» ይላታል። ውሃው ይመጣል። መስኮት ልትከፍት እጇን ስትዘረጋ «አይነሱ» ይላታል፤ መስኮቱ ይከፈታል። ምድጃው የእሷ እጅ ሲነካው አይበራም። የቢላዋው መሳቢያ ለእሷ አይከፈትም። ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ወጡ ተሠርቶ ከፊቷ ይቀርባል፤ ጨው አያንሰውም፣ አይበዛበትም። ይሁን እንጂ አንድ ቀን እንኳ ጣቷን ልሳ አታውቅም።

ጡረታ እስክትወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበረች። መኪና ሁሉ ራሱን መንዳት እስኪጀምር ድረስ የሚሌን በረሃ ስታቋርጥ ኖራለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የኖርኩት» ትል ነበር ስትናደድ፤ «ያኔ ግን እኔ ነበርኩ ወንበሩን የምወስደው።»

የሚያስቀውም የሚያስለቅሰውም ነሐሴ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ «አይነሱ» ሲል የከረመው ሥርዓት ነሐሴ ሲመጣ «እስቲ ይነሱ» ይላል። ፈታኝ ይመጣል፤ ቀበቶው ይፈታል፤ ሰውየው ያለ እጅ ድጋፍ ተነስቶ እስከ በሩ ደርሶ መመለስ አለበት። የቻለ ቤቱ ይቆያል። ያልቻለ ቆላ ወዳለው የእረፍት መንደር ይወርዳል፤ ሜዳ ነው፣ ሞቃት ነው፣ አንድ ደረጃ እንኳ የለበትም። ከዚያ ወደ ደሴ የተመለሰ ግን አልታየም። የሶልያና ባል ቢኒያም በወረደ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። አልታመመም፣ አልወደቀም። «በምቾት አረፉ» የሚል መልእክት ደረሳት። ያን ቃል ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ከዚህ ዳገት ሌላ የምሞትበት ቦታ የለም ብላ ምላለች፤ ጭን ግን በመሐላ አይጠነክርም። ያለፈውን ፈተና ያለፈችው በመከራ ነበር። የሚመጣውን እንደማታልፍ ጭኗን ስትጨብጠው ታውቀዋለች።

አንድ ጥቅምት ጠዋት ታች ቤት ያሉት ጋሼ ኪሩቤል በወንበራቸው እየተንፏቀቁ ሊጠይቋት መጡ። ጋሼ ኪሩቤል የቀድሞ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የሚበልጧቸው ሁሉ ወደ ቆላ ስለወረዱ የሰፈሩ ታላቅ እሳቸው ናቸው። ሶልያና ወንበር ከመጣባት ወዲህ ደጇን አልፈው ሲገቡ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ሽማግሌዎች ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የምስል መስኮት እየተያዩ መጠያየቅ ከለመዱ ቆይተዋል።

በሩ ሲከፈት ሶልያና «ኖር!» አለች። አለችና ተነሳች።

አስባበት አይደለም። ታላቅ ሲገባ መቀመጫ ለቆ «ኖር» ማለት ከእናቷ ጓዳ የተማረችው ነው፤ የሚታሰብበት ነገር አይደለም። ቀበቶው ጠቅ ብሎ ተፈታ።

«ታላቅዎ ገብተዋል» አለ ወንበሩ። «መነሳት ተፈቅዷል።»

ጋሼ ኪሩቤል «በእግዜር፣ አትነሺ» ሊሉ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

«ሶልያና፣ ቆመሻል እኮ።»

«ቆሜያለሁ ጋሼ።»

«ማን ፈታሽ?»

«አንቱ ነዋ!»

ኋላ እንደታወሳቸው፣ ወንበር በወጣበት ዘመን ሽማግሌዎች አምጸው ነበር። ታላቃችን ገብቶ ተቀምጠን ልናየው ነው ወይ፣ እንደ ባለጌ ልጅ ብለው። ሠሪዎቹም እሺ ብለው ይህን ወግ ወንበሩ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ሰዉ እርስ በርሱ ቤት መግባት ሲተው ነገሩ ተረሳ። ወንበሩ ግን አልረሳም።

ሶልያና ተመልሳ ተቀመጠች። ደግማ ልትነሳ ሞከረች። «አይነሱ እማማ» አለ ወንበሩ።

«ጋሼ፣ ስድ አይበሉኝና፣ እስቲ ይውጡና ይግቡ።»

«ከቤትሽ ውጣ ነው የምትይኝ?»

«ይውጡ፤ ከዚያ ይግቡ።»

«ስንቱን ተጫዋች በቀይ ካርድ አስወጥቻለሁ» አሉ ጋሼ ኪሩቤል ወንበራቸውን እያዞሩ፤ «እኔን ያስወጣኝ ግን አንቺ ነሽ።» ወጡ። ገቡ።

«ኖር!»

ጠቅ።

ያን ዕለት ጋሼ ኪሩቤል ሲወጡ ሲገቡ ዋሉ። ሶልያና ከሰዓት በኋላ ላይ ጉልበቷ ቄጤማ ሆኖ፣ ላብ በጀርባዋ እየወረደ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የሚያስይዝ ድካም ደከማት። ደስ አላት፤ ከልቧ ደስ አላት።

የወጉን ጓዳ ጎድጓዳ ቀስ በቀስ አወቁት። እንግዳ ቦታ ሳይይዝ አስተናጋጅ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ጋሼ ኪሩቤል ወንበራቸውን ደፉ ላይ አቁመው ሰላምታውን ባረዘሙት ልክ ሶልያና በእግሯ ትቆያለች። የወሎ ሰላምታ ደግሞ ከተፈቀደለት ማለቂያ የለውም። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ የአጎትሽ ልጅ እንዴት ነው፣ እሱ እንኳ ሞቷል፣ ነፍስ ይማር፣ ሚስቱስ? ታላቅን መሸኘትም ተፈቅዷል። ሶልያና ጋሼ ኪሩቤልን እስከ በራቸው ቁልቁል ትሸኛለች፣ ከዚያ ብቻዋን ሽቅብ ትመለሳለች፤ ባዶ ወንበሯ ከኋላዋ እንደ ታማኝ ውሻ እየተከተለ «እማማ፣ ደከመዎት?» ይላል። «አዎ» ትለዋለች፣ «ተመስገን።»

ወሬው ከቤት ቤት ዘለቀ። በየግድግዳው መስኮት መጠያየቅ ቀረና ሰዉ እንደገና በር ያንኳኳ ጀመር። ሰባ አንድ የሆነው ሰባ ሁለት የሆነውን ይጋብዛል፣ እሱም የበላዩን። ዕድሜያቸውን ሲቀንሱ የኖሩ ሰዎች ወንበር ፊት ተጋለጡ፤ ትልቅ መሆን ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ አገኘ። አስተዳደሩ ወንበሮቹ ላይ ሰላምታ መብዛቱን ሲያይ «ለአንድ እንግዳ በቀን አንድ ጊዜ» የሚል ገደብ አወጣ። ሶልያና ይህን ስትሰማ ሳቀች።

«እንግዲያው ብዙ እንግዳ ነው የሚያስፈልገን» አለች። «እድሩን እንሰብስብ።»

የሆጤ እድር ድሮ ያረፈደን ይቀጣ ነበር። በአዲሱ ደንብ የሚቀጣው ቀድሞ የመጣ ሆነ፤ ከእድሜ ተራው ቀድሞ የተገኘ ለሚቀጥለው እሁድ ለሰዉ የሚበቃ ቆሎ ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ትንሹ ገብቶ ይቀመጣል። ከዚያ የሚበልጠው ይገባል፤ ትንሹ ይነሳል። እንዲህ እያለ አዳራሹ ሲሞላ አንዱ በገባ ቁጥር ሁሉ ይነሳል፣ ሁሉ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ ጋሼ ኪሩቤል በወንበራቸው ይገባሉ፤ አዳራሹ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ይቆማል፤ እሳቸው ደግሞ የእያንዳንዱን ቤተሰብ በስም ሳይጠሩ «በእግዜር፣ ተቀመጡ» አይሉም። በሆጤ የሽማግሌ ጭን እንደገና ሥጋ ያዘ።

ከዚህ ሁሉ ደስታ የቀረችው ኢክራም ብቻ ነበረች። ኢክራም የሶልያና የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ ናት። ስልሳ ዘጠኝ ነኝ ትላለች፤ ወንበር ገና አልመጣባትም፣ ፀጉሯ ጥቁር ነው፣ አረማመዷ የልጃገረድ። ሶልያና ወንበር ከመጣባት ወዲህ ግን አንድም ቀን ቤቷ ገብታ አታውቅም። መጥታ በመስኮት ታንኳኳለች፤ ሶልያና ወንበሯን ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች፤ ኢክራም ውጪ ቆማ፣ እጇን አስገብታ ፀጉሯን ትሠራታለች። «ወንበርሽን አልወደውም፤ ዓይኑ ያስጠላኛል» ብላ ትምላለች። በእድሩም ስብሰባ በመስኮት ብቅ ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች እንጂ አትገባም። ሶልያና ይሄ ነገር ያማታል፤ አልተናገረችም እንጂ ያማታል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ሶልያና ጋሼ ኪሩቤልን ሸኝታ በራቸው ላይ ስትደርስ ባርኔጣቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ አሉ፤ አልደረሱም። እግራቸውን ሊያንቀሳቅሱ ሲሞክሩ እግሩ የሌላ ሰው ይመስል እንዳለ ቀረ። ሶልያና አንስታ ሰጠቻቸውና ያን ጊዜ ገባት። ያን ሁሉ ወር ሁሉን ሲያስነሱ የከረሙት ሰው አንድ ቀን አልተነሱም። ለማን ይነሳሉ? ታላቅ የላቸውም።

«ነሐሴስ ጋሼ?»

«ነሐሴማ እወርዳለሁ» አሉ፤ ባርኔጣቸውን እያራገፉ። «ዳኛ ጎል አያገባም፣ እህቴ።»

ሶልያና ዳገቱን እያለቀሰች ወጣች። ቢኒያም የወረደ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ያኔ የምታደርገው ነገር ያለ አይመስላትም ነበር። አሁን ግን የቆመችበት እግር የሳቸው ስጦታ ነው። ኢክራም በመስኮት ብቅ ስትል ሁሉን ነገረቻት። ኢክራም የያዘችው ማበጠሪያ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«ሶልዬ» አለች ቀና ብላ፣ «ወላሂ ለአንድ ሰው ብትተነፍሺ አላናግርሽም።»

«እሺ።»

«ያንን ወንበርሽን ጆሮውን ድፈኚው።»

ከዚያ ዞራ በበሩ ገባች።

«ታላቅዎ ገብተዋል» አለ ወንበሩ። ቀበቶው ተፈታ።

ሶልያና ቆማ አፏን ይዛ ቀረች። ኢክራም ፊቷ ቀልቶ ነገሩን አስረዳቻት። ልጃገረድ ሳለች መታወቂያ ስታወጣ፣ የተወለደችበትን ዓመት እኛ በምንቆጥረው ተናገረች፤ መዝጋቢው በፈረንጆቹ አድርጎ አስገባው። እኛ ሀገር ዘመኑ ሁለት ነው፤ በአንድ ቁጥር ስህተት ሰው ስምንት ዓመት ያረጃል። ወንበር የሚልከው አስተዳደር የልደቷን ዓመት ከእናቷ አፍ ስለጻፈ ትክክለኛውን ያውቃል። ወንበሮቹ ግን ሰው ሲያዩ የሚያነቡት መታወቂያውን ነው፤ በመታወቂያው ኢክራም ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ገብታ የሟች ባል ወንበር «ታላቅዎ ገብተዋል» ሲልባት በጓሮ በር ሮጣ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ወንበር ያለበት ቤት አትገባም።

«ለምን አላሳረምሽውም?»

«ነገሩን ልቀስቅሰው? አሃ፣ ሰባ ሰባት ነሽ ለካ ብለው ያን ዕለት ቢያስቀምጡኝስ? ቆሜ ነው የምሠራው ሶልዬ። ቆሜ ካልሠራሁ እኔ ማነኝ?»

ሶልያና መጀመሪያ አቀፈቻት። ቀጥሎ ሳቅ ያዛት፤ ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። «እኔ እኮ ጠላሽኝ ብዬ ነበር! ለካ ታላቄ ሆነሽ ነው!»

«ዝም በይ አቦ!» አለች ኢክራም፤ እሷም ሳቀች።

ክረምቱ ገባ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤቱን ሁሉ ሲያለብሰው፣ ኢክራም ጃንጥላ ይዛ በጓሮ በር ጋሼ ኪሩቤል ዘንድ ትገባለች። ሶልያና ቀድማ ተገኝታ ከጎናቸው ትቆማለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀበቶው ይፈታል እንጂ ጋሼ ኪሩቤል ከወንበሩ ስንዝር ከፍ ብለው ተመልሰው ይወድቃሉ። ገደቡ በቀን አንድ ጊዜ ስለሆነ ኢክራም ያቺን አንዷን ሰላምታ እንደ ላስቲክ ትለጥጣታለች።

«ላሞቹስ እንዴት ናቸው ጋሼ?»

«ላም የለኝም ኢክራም።»

«የሌሉትስ? የሌሉት ደህና ናቸው?»

ጋሼ ኪሩቤል በሳቅ ሲፈርሱ ሶልያና «አይሳቁ፣ ይግፉ! በተረከዝዎ ይግፉ!» ትላለች፤ የተቀረቀረ መኪና ስታስወጣ በምትጮኸው ድምፅ። ሐምሌ ሲያልቅ ጋሼ ኪሩቤል ቆመው ኢክራምን ጨበጧት። ሦስቱም አለቀሱ፤ አንዳቸውም አልደበቁትም።

የፈተናው ዕለት ደረሰ። ፈታኙ ኖላዊ የሚባል ትሁት ወጣት ነው። በእድሩ አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሰሌዳውን ከፊቱ አቁሞ ተቀመጠ። ጠዋቱን ሙሉ ስም ይጠራል፣ «ይነሱ እማማ፣ ይነሱ አባባ» ይላል፤ ዓይኑ ግን ከሰሌዳው አይነሳም፣ እሱም ከወንበሩ አይነሳም። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ብድግ አሉ። ሶልያና ተራዋ ሲደርስ ተነስታ እስከ በሩ ሄደች፣ የበሩን እጀታ ነካች፣ ተመለሰች። ኖላዊ ሰሌዳው የተበላሸ መስሎት በጣቱ መታ መታ አደረገው። እንዲህ ያለ ሰፈር አይቶ አያውቅም።

መጨረሻ ጋሼ ኪሩቤል ቀሩ። ሦስት ሙከራ ነው የሚፈቀደው።

«ይነሱ አባባ።»

ጋሼ ኪሩቤል ዘንበል አሉ። ጭናቸው ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ያ ጉልበት ክረምቱን ሙሉ የተማረው ለሰው መነሳት ነው፤ ለትእዛዝ እምቢ አለ። ሁለተኛውንም ሞከሩ። አልሆነም። ጋሼ ኪሩቤል ላባቸውን በመሐረብ ጠረጉና ለሶልያና ፈገግ አሉላት፤ ፈገግታው ልቧን ቆረጠው።

ሶልያና ወደ መስኮቱ አየች። ኢክራም እዚያ ናት። ግቢ ልትላት አልቻለችም። እዚህ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ይናገራሉ፤ ፈታኙ ይሰማል፤ ነገ ወንበር ይላክባታል። ሶልያና ዓይኗን መለሰች። ደግማ ስታይ መስኮቱ ባዶ ነበር። ሸሸች፣ አለች በልቧ፤ አልፈረደችባትም።

በሩ ተከፈተ።

ኢክራም የዝናብ ነጠብጣብ ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ ራሷን ቀና አድርጋ ገባች። በአዳራሹ ያሉ ወንበሮች በሙሉ በአንድ ድምፅ «ታላቅዎ ገብተዋል» አሉ።

«ኖር!» አለ አዳራሹ፤ ደነገጠም፣ ተነሳም። ጋሼ ኪሩቤልም ተነሱ። እጃቸው ወንበሩን አልነካም። ቀጥ ብለው፣ ሜዳ ውስጥ እንደሚገባ ዳኛ፣ እስከ በሩ ሄደው ኢክራምን ጨበጧት።

«ላሞቹ እንዴት ናቸው?» አሉ።

«የሌሉት ደህና ናቸው ጋሼ» አለች ኢክራም።

እጇን ይዘው ተመለሱና ወንበራቸውን አመለከቷት። «በአላህ! አልቀመጥም» አለች። ታላቅ ካልተቀመጠ ማን ይቀመጣል? ማንም አልተቀመጠም። ሁሉም ቆሞ፣ አንድ የተቀመጠ ሰው ብቻ ቀረና ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

ኖላዊም እናት ያሳደገችው ልጅ ነው። ጆሮው ቀላ። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ተመርኩዞ፣ ጉልበቱ ቀጭ እያለ ተነሳና «ኖር» አለ በቀስታ።

«ያለ እጅ ነው የኔ ልጅ» አለች ሶልያና።

«ጥፋት!» አሉ ጋሼ ኪሩቤል ጣታቸውን ቀስረው። «ይደገም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኖላዊ እየሳቀ ተቀመጠ፣ ያለ እጅ ሞከረ፣ አቃተው፤ ደግሞ ሞከረ፤ በሦስተኛው ተነሳ፤ ተጨበጨበለት። ቆሞ የጋሼ ኪሩቤልን ውጤት «አልፈዋል» ብሎ አስገባ። ከዚያ ሰሌዳውን አየና ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«ወይዘሮ ኢክራም፣ በመታወቂያዎ ሰባ ሰባት ዓመትዎ ነው። ወንበርዎ የት አለ?»

ሶልያና የኢክራምን ክንድ በክንዷ ቆልፋ ወደፊት ወጣች። «መታወቂያዋ ተሳስቶ ነው። በእኛ ተወልዳ በፈረንጅ ተጽፋ ነው። ታናሻችን ናት፤ እኛ እናውቃታለን።»

ኖላዊ አመነታ። «ለማረም ከሰፈሩ ምስክር ያስፈልጋል።» ሰሌዳውን ከፍቶ ቀና አለ። «የሚመሰክር ካለ ይነሳ።»

የተቀመጠ አልነበረም።

መስከረም ሲጠባ መንገዱ ደረቀ፤ የሆጤ ሰዎች ጋሼ ኪሩቤልን እየሸኙ ወደ ቆላው የእረፍት መንደር ጠያቂ ሆነው ወረዱ። ባዶ ወንበሮቻቸው የጓሮ ጎመን፣ ሎሚና ዳቦ ተሸክመው ከኋላ ተከተሏቸው፤ ጎመኑን የኮተኮተችው ሶልያና ናት፣ በዚያው ዶማ። ጋሼ ኪሩቤል ገና ውጪ ከዘበኛው ጋር ሰላምታ ይዘዋል። ሶልያና ፈጥና ቀደመች።

የመንደሩ አዳራሽ ሰፊና ሞቃት ነበር። ሰዎች በረድፍ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ቢኒያም የተቀመጠው የት እንደነበር አታውቅም፤ መስኮቱ ጥግ ያለውን ቦታ መረጠችለትና ለአንድ አፍታ ወደዚያ አየች። ከዚያ ደፉን ተሻገረች።

አብዛኞቹ ይበልጧታል። ከእሷ የሚያንሱ ጥቂት ነበሩ፤ ባለፈው ነሐሴ የወረዱ።

«ታላቅዎ ገብተዋል» አለ ከወዲያ ጥግ አንድ ወንበር። «ታላቅዎ ገብተዋል» አለ ሌላው። ቀበቶ ጠቅ ሲል ተሰማ። አንዲት ሴት የወንበሯን ክንድ ይዛ ግማሽ ድረስ ተነሳች።

«ኖር» አለች ሴትየዋ።

ደክሟት ልትቀመጥ ስትል ሶልያና እጇን አነሳች። ለመቀመጥ አልቸኮለችም። ወገቧን ይዛ ደፉ ላይ ተደላድላ ቆመች።

«እንዴት ናችሁ?» አለች። «ደህና ናችሁ? ልጆቹስ? ላሞቹስ እንዴት ናቸው?»